አርባ አንድ ካርድ፣ አስራ አንድ ጣት

«እጀ ለስላሳ አለች ዛሬ?»

እናቶች ልጃቸውን አዝለው የጤና ጣቢያው ላብራቶሪ በር ላይ ሲደርሱ መጀመሪያ የሚጠይቁት ይህንን ነበር። የለችም ከተባሉ ፊታቸው ይጠቁራል። አንዳንዷማ «እንግዲያው ነገ እመለሳለሁ» ብላ በትኩሳት የሚነድ ልጅ እንደታቀፈች ወደ ቤቷ ትሄዳለች። አይ ሞኝነት! ግን አትፍረዱባቸው። ሌላው የላብራቶሪ ሠራተኛ የአንዱን ልጅ ጣት ሲወጋ ወረፋው ሁሉ ነው የሚያለቅሰው። እሷ ግን ጣቱን ትይዝና አሸት አሸት እያደረገች «የስንት ዓመት ጎረምሳ ነህ አንተ? ሚስትህስ የት ሄደች?» ትለዋለች። ልጁ ግራ ገብቶት ምን ልመልስ እያለ ሲያስብ መርፌው ገብቶ ወጥቷል፣ ደሙም ስላይድ በሚሉት ብጣሽ መስታወት ላይ ጠብ ብሏል። ሴት ልጅ ከሆነች ደግሞ «ባልሽስ?» ነው ጥያቄው።

ሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ ሠርታለች። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ያለችው አንዲት መስኮት የምታሳየው የጎረቤቱን ክፍል ግድግዳ ነው። የእጅ መታጠቢያው በደም ማቅለሚያ ብዛት ወይን ጠጅ ሆኖ ቀርቷል፣ ቢፈገፍጉት አይለቅም። የማይክሮስኮፑ የግራ መስታወት ስለተጫረ በቀኝ ዓይኗ ብቻ ታያለች፤ ከዚህ የተነሣ የቀኝ ቅንድቧ ከግራው ከፍ ብሎ ቀርቷል፣ ሰው ባየች ቁጥር የምትጠራጠረው ይመስላል። በወባ ግን ጥርጣሬ የለባትም። በቀዩ የደም ሕዋስ ውስጥ ተሰንቅራ የምትቀመጠውን ያችን ትንሽ ቀለበት ገና ስላይዱን ስታስገባ ነው የምታውቃት። «መጣሽ ደግሞ፣ አንቺ ውሻ!» ትላታለች፣ እንደ ጎረቤት።

ታዲያ ይህቺው ሴትዮ ያስተማረችው አንድ ተማሪ ነበር። ቀጭን፣ ዓይን አፋር፣ ስላይድ በሰበረ ቁጥር ይቅርታ ሲጠይቅ የሚውል ልጅ። ያ ልጅ ከዓመታት በኋላ ዶክተር ሆኖ፣ ሁለት መኪናና አንድ ፍሪዘር አስከትሎ መጣ። ከመኪናው እንደወረደ መጀመሪያ እሷን አቅፎ ሳማት፤ ለሰዉም ሁሉ «ማይክሮስኮፕ ማየት ያስተማሩኝ እትዬ ናቸው» አለ። እሷም አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች፤ በልቧ ግን ቁመቷ አንድ ክንድ ጨምሮ ነበር።

ዶክተሩ ሠራተኞቹን አዳራሽ ሰብስቦ ነገሩን አስረዳ። የወባ ተህዋሲ ሌባ ነው በሉት፣ አለ። ላዩ ላይ የሚለብሰው ኮት አለው። ሰውነታችን ሌባውን የሚለየው በኮቱ ነው። ክትባት ማለት ደግሞ ለዘበኛው አስቀድሞ የሌባውን ፎቶ መስጠት ነው። ችግሩ ሌባው አንድ ዓይነት ኮት የለውም፤ እዚህ መንደር ቡኒ ለብሶ ይዞራል፣ እዚያ መንደር ግራጫ። ያለን ክትባት የሚያውቀው ጥቂት ኮት ነው። ስለዚህ ልጆቹን ከመክተባችን በፊት በጤና ጣቢያው ሥር ባሉት በሰባቱም መንደር ሌባው ምን እንደሚለብስ ማየት አለብን። ለዚህም ከእያንዳንዱ ልጅ ጣት ደም ተወስዶ በአንድ ወረቀት ካርድ ላይ ያሉት አራት ክቦች ይሞላሉ፤ ካርዱ ይደርቃል፣ ወደ ትልቁ ላብራቶሪ ይሄዳል። «አንድ ልጅ፣ አንድ ካርድ» አለ ዶክተሩ፣ ጣቱን ቀስሮ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እሷም ነቀነቀች።

ከወንዙ ማዶ ያለው መንደር ለእሷ ተሰጠ። ልጇ እዚያ አግብታ ትኖራለችና ሰው እንግዳ አይሆንባትም ተብሎ ነው።

የሄዱበት ቀን ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ አኩርፎ ነበር። ሾፌሩ ድልድይ የሌለውን ወንዝ ለመኪናው ጎማ እየፈራ ተሻገረና ገና ሞተሩን ሳያጠፋ «እትዬ፣ ላይኛው አገር እየዘነበ ነው። ከቀትር በኋላ ከቆየን መሻገሪያ የለንም፣ እኔ አላውቅም!» አለ። እጁን ጡሩምባው ላይ እንዳደረገ ነው የቀረው።

እሷም በቅርብ ካለው ቤት ጀመረች፤ የልጇ ቤት ነበር። ሁለት የልጅ ልጆች አሏት፤ ትልቋ አምስት ዓመቷ ነው፣ ትንሿ ገና ዓመቷን መሙላቷ ነው። ትልቋን ያዘችና «ባልሽስ የት ሄደ?» ብላ ወጋቻት። የማንም ልጅ ያላደረገውን ይህቺ አደረገች፤ ቤቱ እስኪሰነጠቅ ጮኸች። ገዛ አያቴ እንዴት ትወጋኛለች ነው ነገሩ! ትንሿም እህቷን አይታ ደንግጣ እናቷ ጡት ሥር ተወሸቀች። አያቲቱ ያችን ትንሽ እጅ ፈልፍላ አወጣቻት። ጣቷ ባቄላ አታክልም። መርፌውን አነሣች፤ ሕፃኗም ቀና ብላ አየቻት።

«እማዬ፣ ተይ በቃ» አለች ልጇ። «የትልቋ ደም እየፈሰሰ አይደል እንዴ? ከዚያው ሙዪው። ያው የአንድ እናት ልጆች አይደሉ? ደማቸው አንድ ነው።»

አንድ እንዳልሆነ ታውቃለች። ሃያ ስድስት ዓመት ደም ያየች ሴት ይህንን ካላወቀች ማን ሊያውቅ ነው? ግን ያቺ ሕፃን በዚያ ዓይኗ ስታያት መርፌውን መልሳ አስቀመጠችው። አንድ አልጋ ላይ ነው የሚተኙት፣ አንድ አጎበር ሥር፣ የምትነክሳቸውም ያችው አንዷ ትንኝ ናት፣ ብላ ለራሷ ነገረች። ውጭ ጡሩምባው ጮኸ። የትልቋን ጣት እንደገና ጨመቅ አደረገችና በሁለተኛው ካርድ ላይ ያሉትን አራት ክቦች ሞላች፤ የትንሿን ቁጥር ጻፈችበት። ሕፃኗ ምንም አልሆነችም። አያቲቱም ደስ አላት። ይህ ነው እንግዲህ፣ ሌላ ተንኮል የለበትም።

ነገሩ ግን እዚያ አልቆመም። የጎረቤት ሴቶች በር ላይ ቆመው ሲያዩ ነበር። ሁለተኛው ቤት ስትገባ እናትየዋ አራት ልጆቿን ከኋላዋ ደብቃ «እትዬ፣ አንዱን ብቻ!» አለቻት። እንዲህማ አይሆንም ብትላት «ለልጅሽ ስታደርጊ አይተናል። ለኛ ሲሆን ትነፍጊያለሽ?» አለች። አንዱን ወጋችና ከእሱ አራት ካርድ ሞላች። በሦስተኛው ቤት ማንም አልተከራከራትም፤ አንድ ልጅ መርጠው አዘጋጅተው ጠበቋት። በቀትር አርባ አንድ ካርድ ይዛ ወጣች። የወጋችው አስራ አንድ ጣት ነው። የማዶው መንደር እናቶች መኪናው ድረስ ሸኝተው መረቋት፤ እንዲህ ያለ ለስላሳ እጅ አይተን አናውቅም አሉ።

ወደ ሌሎቹ መንደሮች የሄዱት ሠራተኞች ሃያም አልሞላላቸው። በአንደኛው መንደር እንዲያውም ጥቂት ልጅ እንደወጉ እናቶች በድንጋይ አባረሯቸው። የእሷን አርባ አንድ ካርድ ግን በጭብጨባ ነው የተቀበሉት። ከጥቂት ወራት በኋላ ማኅተም ያለበት የምስጋና ሰርተፍኬት መጣላት። በመስታወት አሠርታ ከእጅ መታጠቢያው በላይ ሰቀለችው።

ሁለት ዓመት አለፈና ክትባቱ ደረሰ። ማዶ ያሉ እናቶች አንገራገሩ፤ ያልታወቀ ነገር ልጄ ላይ አልሞክርም ያሉ ብዙ ናቸው። ማን ይላክ? ያው እሷ ናት። ሄዳ ሁሉን ሰብስባ፣ ዶክተሩም ባለበት፣ አፏን ሞልታ «ይሄ መድኃኒት የናንተኑ ልጆች ደም አይቶ የመጣ ነው! ደሙን የወሰድኩት እኔ አይደለሁም?» አለች። ከዚያ ትንሿን የልጅ ልጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣ በሰው ሁሉ ፊት መጀመሪያ አስከተበቻት።

ትንሿ አሁን ሦስት ዓመቷ ነው፤ መንደሩ «ሬዲዮ» ይላታል። ከነጋ እስኪመሽ አፏ አይከደንም። በእናቷ ስልክ ትደውልና «እማማ፣ ዛሬ ዶሮዋ የራሷን እንቁላል ረገጠችው። ከዚያ አኮረፈች። እኔ ነኝ የረገጥኩት እንዴ?» ትላታለች። አያቲቱ ስላይድ እያየች ስልኩን ትከሻዋና ጆሮዋ መሃል ይዛ ትስቃለች፤ ቁጥር ይሳሳትባታል፣ እንደገና ትቆጥራለች። ከሥራዋ ሁሉ ያንን ስልክ ነበር የምትወደው።

በዚያው ዓመት በሁለተኛው የዝናብ ወራት ልጇ ደወለች። «እማዬ፣ ሬዲዮ አተኩሷታል።»

«ተከትባለች እኮ!» አለች እጀ ለስላሳ። «ብርድ ይሆናል። የትኩሳት ሽሮፕ ስጫት።»

አዎ፣ እንዲህ አለች። ለሌላው ሰው ሁሉ «ትኩሳት ካየሽ በዚያው ቀን ይዘሽ ነይ» እያለች ሃያ ስምንት ዓመት የጮኸች ሴት፣ ለገዛ ልጇ ሽሮፕ ስጫት አለች። በማግስቱ ደውላ ስትጠይቅ ትንሽ ተሽሏታል፣ አውርታለች ተባለች። በሦስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ በጎረቤት ሞተር ሳይክል አመጧት። አንገቷ አልቆምም ብሎ በእናቷ ክንድ ላይ ወድቋል።

ጣቷን ራሷ አያቷ ወጋቻት። ልጅቷ አልነቃችም፣ እጇንም አልሰበሰበችም። በማይክሮስኮፑ ሥር ቀለበቱ ከመብዛቱ የተነሣ ጤነኛ ሕዋስ መፈለግ ነበረባት። ያቺን ውሻ አልሰደበቻትም።

ሆስፒታል ገባች። አራት ቀን ራሷን ሳተች፣ በአምስተኛው ዓይኗን ገለጠች። እልል ተባለ፣ ተለቀሰ፣ ነርሶቹ ተሳሙ። በስምንተኛው ቀን ከአንዷ ነርስ እጅ የብረት ትሪ ልጅቷ ራስጌ ወለሉ ላይ ወደቀ። ክፍሉ ሁሉ ዘሎ ተነሣ፤ ሕሙማኑም፣ አስታማሚውም። ሬዲዮ ግን የአንሶላውን ክር እየመዘዘች ትጫወት ነበር፤ ቀና እንኳ አላለችም። አያቲቱ ከኋላዋ ሄዳ አጨበጨበች። ደግማ አጨበጨበች። እጇ እስኪቀላ አጨበጨበች፤ ልጇ ናት መጥታ እጇን የያዘችላት።

ጆሮዋን የደፈነው ሕመሙ ይሁን መድኃኒቱ፣ ሐኪሞቹ ቁርጡን አልነገሯቸውም። ንግግሯም ቀስ በቀስ አለቀ። መጀመሪያ ቃሉ ተንሻፈፈ፣ ከዚያ አጠረ፣ ዓመት ሳይሞላ ጠፋ። ስልኩም መደወሉን ተወ።

እጀ ለስላሳ ሥራዋን ቀጠለች፤ ግን የመዝገቡን ገጽ መግለጥ ጀመረች። ከወንዙ ወዲህ ያሉት የተከተቡ ልጆች ታመው የሚመጡት ከስንት አንድ ነው። ከማዶ የሚመጡት ግን ክትባት አይተው የሚያውቁ አይመስሉም፤ በየሳምንቱ ሦስት፣ አራት። ያልተከተበና የተከተበ ልዩነት የለውም። መዝገቡን ዘጋችና ቀና ስትል ሰርተፍኬቱን አየችው። ያኔ ነው አርባ አንዱ ካርድ ትዝ ያላት። ሌባው ማዶ የሚለብሰውን ኮት እኔ ነኝ የደበቅኩት፣ አለች። የአስራ አንድ ልጅ ደም የአርባ አንድ ነው ብዬ፣ ሌባው አንድ ሁለት ኮት ብቻ ያለው አስመስዬ፣ የተሳሳተ ፎቶ ያሰጠሁት እኔ ነኝ።

አምስት ወር ተሸከመችው። ምግብ አልበላ አላት። ዶክተሩ ለስብሰባ መጣ ሲሏት ግን ጋወኗን እንኳ ሳታወልቅ ሄደች። ከመድኃኒት መጋዘኑ ጎን ባለች ክፍል ካርቶኖች መሃል ተቀምጦ ኮምፒውተሩን ያያል። ተነሥቶ ወንበር ሰጣት። አልተቀመጠችም። ቆማ፣ ሁሉንም ነገረችው፤ ጡሩምባውን፣ ባቄላ የማታክለውን ጣት፣ የአንድ እናት ልጆች የተባለውን፣ ሁሉንም። ሊቆጣት፣ ሊያባርራት፣ ሊያስከስሳት ተዘጋጅታ ነበር የመጣችው።

ዶክተሩ መነጽሩን አወለቀ። «እትዬ፣ እናውቃለን» አለ።

«ምኑን?»

«ካርዶቹ በደረሱ በመጀመሪያው ሳምንት ነው ያወቅነው። ኮምፒውተሩ አርባ አንዱን በአስራ አንድ መደባቸው። የአንድ ሰው ደም መሆኑ ይታያል እኮ። ሁሉንም ከጥናቱ አወጣናቸው።»

«አስራ አንዱንም?»

«የቱ የማን እንደሆነ በምን እናምናለን? ሁሉንም ጣልን።»

«እና የማዶው መንደር?»

«በጥናቱ ውስጥ የለም። ስድስቱ መንደሮች ኮታቸው ከክትባቱ ጋር ይቀራረብ ነበር። ያኛውም ያው ይሆናል ብለን ገመትን። ወንዙ ሞልቶ ነበር፤ ጊዜውም አልቆ ነበር።»

«ሳታዩ ከተባችሁ?» አንድ እርምጃ ቀረበችው። «እኔን ልካችሁ? ደማችሁ ታይቷል ብዬ ስናገር ነበራችሁ፣ ሰምታችኋል!»

ዶክተሩ ኮምፒውተሩን ከደነ።

«የልጅ ልጄ ሬዲዮ ስትታመም ደሟን ልኬላችሁ ነበር። ሌባው ምን ለብሶ ነበር?»

«ሌላ ነው» አለ ዶክተሩ ወለሉን እያየ። «ክትባቱ የሚያውቀው አይደለም። ግን እትዬ፣ ቢያውቀውም ክትባቱ ሁሉን ልጅ አያድንም። ይሄንን በእርግጠኝነት የእርስዎ ጥፋት ነው ማለት…»

«ለምን አልነገርከኝም?» ስትል አቋረጠችው። ዶክተር ሆኖ ከመጣ ወዲህ አንተ ስትለው ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። «በዚያው ሳምንት ብትነግረኝ ወንዙ እስኪጎድል ጠብቄ በእግሬ ሄጄ አላመጣውም?»

«አስተማሪዬ ነዎት» አለ። «ላሳፍርዎ አልፈለግኩም።»

እጀ ለስላሳ አየችው። ያ ዓይን አፋር፣ ስላይድ የሚሰብር ልጅ ነበር ፊቷ ያለው፤ ፀጉሩ ብቻ ነው የሸበተው። «ሰርተፍኬቱስ?» አለች።

«እሱ… ለተሳተፈ ሁሉ ነው የተሰጠው።»

«አንተም እጅህ ለስላሳ ነው ለካ» አለችው። «ከኔ ነው የተማርከው።»

በሩ ላይ ስትደርስ ጠራት። በመጪው ወር ማዶ እንደገና ደም ይወሰዳል፣ ሌላ ሰው እልካለሁ፣ እርስዎ አይድከሙ፣ አላት። ዘወርም ሳትል «እኔ ነኝ የምሄደው» ብላ ወጣች። ሰርተፍኬቱን አወረደችው። ግድግዳው ላይ አራት ማዕዘን ንጹሕ ቦታ ቀረ፤ እሱን ማየቱ ባሰባት።

ለልጇም ነገረቻት። ልጇ ልብስ እያጠበች ነበር፤ አረፋው እጇ ላይ እንዳለ ሰማቻት። እኔ ነኝ ከትልቋ ሙዪው ያልኩሽ ትላለች፣ ጥፋቱን ትጋራኛለች ብላ አያቲቱ ጠብቃ ነበር። ሰው ይጠብቃል እንግዲህ፣ ምን ያድርግ!

«እኔ ያልተማርኩ ነኝ» አለች ልጇ መጨረሻ ላይ። «አንቺ ታውቂ ነበር።» ከዚያ ወደ ልብሷ ተመለሰች።

በመጪው ወር ወንዙ ጉልበት ድረስ ብቻ ነበር። ሾፌሩ ያው ሾፌር ነው፤ ዛሬ ግን ጡሩምባ አልነካም። ዛፍ ሥር ጠረጴዛ ዘረጉ። የመጀመሪያዋ እናት ሦስት ልጆች ይዛ መጣችና ፈገግ ብላ አንዱን ብቻ ወደፊት ገፋ አደረገች። «እትዬ፣ ያው የአንድ እናት…»

«አይደለም!» ብላ ጮኸች እጀ ለስላሳ። ሴትዮዋ ወደ ኋላ አለች። «ደማቸው አንድ አይደለም! ሦስቱንም አምጪ!»

ሦስቱንም ወጋች። የቀጣይዋን አራቱንም ወጋች። የጎረምሳውና የሚስቱ ጨዋታ አልወጣም አላት፤ ጣት ትይዛለች፣ ትወጋለች፣ ክብ ትሞላለች፣ ቁጥር ትጽፋለች። ልጆቹ አለቀሱ፤ የሚለቀሰውን ሰምተው ደግሞ ገና ያልተወጉት አለቀሱ። ሰልፉ በሙሉ ዋይታ ሆነ። «እጇ ከብዷል» አለች አንዷ ሴት፣ እንድትሰማት ጮክ ብላ። «አረጀች መሰለኝ።» ሰማች። ቀና አላለችም።

ሠላሳ ሰባተኛዋ ሬዲዮ ነበረች። እናቷ ከጀርባዋ ገፋ አድርጋት ፊቷን ወደ ወንዙ አዞረች። አያቲቱ ጓንቷን ቀየረች። ይህቺን ልጅ እንዴት አድርጌ እይዛታለሁ፣ ስንት ሰው ይያዝልኝ፣ እያለች ስታስብ ልጅቷ በራሷ እግር መጥታ፣ አያቷን አይታ ሳቀችና ጣቷን ዘረጋችላት። ከፊቷም ከኋላዋም የሚያለቅሱትን ልጆች አልሰማቻቸውማ፤ ምን ብላ ትፍራ!

«ባልሽስ…» ብላ ጀመረች አያቲቱ፣ ሳታስበው። አፏን ዘጋች። ማን ሊሰማት።

ወጋቻት። ሬዲዮ እጇን ለመንጠቅ አልሞከረችም፤ አያቷን ብቻ ነው ያየቻት፣ ያኔ በሕፃንነቷ እንዳየቻት። ከዚያ ቃል የሌለው ድምፅ ከጉሮሮዋ ወጣ። እጀ ለስላሳ ጣቷን ጨመቅ አድርጋ አራቱን ክብ አንድ በአንድ ሞላች፣ የልጅቷን ቁጥር ጻፈችበት፣ ካርዱን እንዲደርቅ ለብቻው አቆመችው። ከዚያም «ቀጣይ» አለች።